እንዶድ እንዴት ይታጠብበታል፣ ለምንስ አይጠጣም

ታኅሣሥ ሲጋመስ እኛ አንኮበር አካባቢ ያለን ሴቶች ጋቢና ነጠላ ማጠብ ላይ ነን፣ ጥምቀት ደረሰ አይደል። ሳሙናው ስለተወደደ እንዶድ እንዴት ነው የሚዘጋጀው የሚሉኝ ልጆች በዝተዋል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ለኮሶ ስንት ፍሬ ነው የሚጠጣው ይሉኛል። የመጀመሪያውን በደስታ እነግራችኋለሁ፣ ለሁለተኛው ግን መልሴ አንድም ፍሬ አይጠጣም ነው።

መጀመሪያ ተክሉን ለዩት። በወፍ ዋሻ ጫካ ዳር፣ በየአጥሩና በየገደላገደሉ ሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ የሚወጣ ሐረግ መሳይ ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው በዘለላ ይንጠለጠላል፣ አንዷን መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ብታይዋት አራት ወይ አምስት ጎን ያላት ትንሽ ኮከብ ትመስላለች። ሲበስል ይቀላል፣ ያኔ ነው ልጆች ላይ ዓይናችሁን የምትጥሉት ምክንያቱም የሚበላ ይመስላል። ለልብስ የሚለቀመው ግን ሳይቀላ አረንጓዴ እያለ ሞላ ሲል ነው፣ አረፋው ያኔ ነው ያለው።

ለቅማችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ሲጨበጥ ኮሽ ኮሽ እስኪል ድረስ፣ በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል። ከዚያ መውቀጥ ነው። ሙቀጫው ለብቻው ይሁን፣ ቡና ወይ በርበሬ የሚወቀጥበት ላይ በጭራሽ እንዳታደርጉት። አያቴ የእንዶዱን ሙቀጫና ቅል ቀይ ክር አስራባቸው ከጓዳ ውጪ ነበር የምታስቀምጠው፣ ክሩን ያየ ልጅ አይነካም። ስትወቅጡ አፍንጫና አፋችሁን በነጠላ ሸፍኑ፣ ብናኙ ያስነጥሳል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ ያቃጥላል ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠቡ።

እኔ ለአንድ ባልዲ ውሃ አንድ እፍኝ ዱቄት አድርጌ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት በጨርቅ አጥልዬ ውሃውን ስመታው አረፋው እንደ ጠላ ግፍ ብሎ ይወጣል። ካልወጣ ፍሬው አርጅቷል ወይ ቀልቶ ነው የተለቀመው ማለት ነው። ጋቢውን ነክራችሁ ቀስ እያላችሁ እሹት፣ ሁለት ሦስቴ አለቅልቁት። ጥለቱን ለብቻው ቀስ አድርጋችሁ ነው።

እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አትድፉ፣ ራቅ አድርጋችሁ መሬት ላይ አፍስሱት፣ ዓሣ ይገድላል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አድዋ ላይ ያዩት ይሄንኑ ነገር ነው፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፣ ቢልሃርዚያ የሚባለውን የትል በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ትልቅ ግኝት ሆነ፣ በዚያው አቆጣጠር በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አስገኘላቸው። አረፋ የሚያወጣውና ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ሳፖኒን የሚባል አንድ ንጥረ ነገር ነው። እሱ ሰው ሆድ ሲገባ አንጀት ይቆጣል፣ ደም ውስጥ ከገባ ደግሞ ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል።

በባህል ሕክምና ሥሩም ቅጠሉም ፍሬውም ለኮሶ፣ ለጨብጥ፣ ለወፍ በሽታ፣ ለውሻ በሽታ፣ ፅንስ ለማስወረድም ይጠጣል፣ ይሄ ድሮም የነበረ ነው፣ አባቶቻችንን ማቃለሌ አይደለም። ግን ልክ የለውም፣ ያንዱ ዘለላ ኃይል ካንዱ ይለያል፣ ባለፈው የጠቀመ የሚመስለው መጠን ዘንድሮ ይገድላል። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እትዬ ለኮሶ ብለው ሥሩን በጠላ ጠጥተው ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው አድሮ ጠዋት ሰው ሁሉ በቃሬዛ ነው ያወረዳቸው፣ እግዜር ረድቷቸው ተረፉ፣ እጃቸው ግን እንዴት እንደቀዘቀዘ እስካሁን አልረሳውም።

ለኮሶ ኪኒን አለ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብና በዚያው ቀን ክትባት ይሂድ፣ የውሻ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ መዳኛ የለውም፣ እንዶድ እየጠጡ የሚያልፈው ቀን ነው የሚገድለው። ያልታሰበ እርግዝና የገጠማት እህቴም ጤና ጣቢያ ሄዳ ታማክር፣ እባክሽ ብቻሽን ጓዳ ገብተሽ አትጠጪ።

ጠጥቶ የተገኘ ሰው ካለ በግድ አታስመልሱት፣ ሌላ መድኃኒት ማርከሻ ነው ብላችሁ አትጨምሩበት። አፉን አጉመጥምጡት፣ ራሱን ከሳተ ወይ የሚያስመልሰው ከሆነ በጎኑ አስተኙት፣ ሳትጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የተረፈውን ዱቄት ወይ ሥር በላስቲክ ቋጥራችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ምን እንደጠጣና በስንት ሰዓት እንደጠጣ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት።