ፔዳላችሁ እምምም ካለ

ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ተከናንቤ የሠራሁት የጊታር ፔዳል (የጊታሩን ድምፅ የሚቀይር መሣሪያ) ገና ሲበራ እንደ ንብ ቀፎ ይጮህ ነበር። ሁለት ማታ ሙሉ ሰርኪዩቱን ስጠረጥር አመሸሁ። ለካ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ነው!

እናንተ መጀመሪያ አዳፕተሩን ነቅላችሁ በ9 ቮልት ባትሪ ሞክሩት። ጩኸቱ ከጠፋ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ነው፣ ፔዳሉን አትጠርጥሩ። የአዳፕተሩ ፕላስ በሚገባበት መስመር መሃል 100 ኦም ሬዚስተር አስገቡ። ከሱ አልፎ፣ ከፕላሱ ወደ ግራውንድ (ወደ ማይነሱ መስመር) 100 ማይክሮፋራድ፣ 16 ቮልት ካፓሲተር በይዱ። ጎኑ ላይ መስመር ያለበት እግር ወደ ግራውንድ ነው የሚሄደው። ከተገለበጠ ሊፈነዳ ይችላል፣ አደራ!

በባትሪም ከጮኸ ሳጥኑን እዩ። የእኔ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ነበር፣ አትሳቁ። በብስኩት ቆርቆሮ ቀይሬ፣ ቆርቆሮውን በሽቦ ከግራውንድ ጋር ሳገናኘው የቀረችውም ጩኸት ጸጥ አለች።