ከስደት ሆኖ ዜና ሲዘገብ የአገር ቤቱን ምንጭ እንዴት መጠበቅ ይቻላል

እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ «አዲስ ነገር» ጋዜጣ ሲዘጋ አዘጋጆቹ ከአገር ወጥተው ሥራቸውን በድረ ገጽ ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች በዚሁ መንገድ ሄደዋል። የተሰደደው ጋዜጠኛ ከእስር ቢርቅም መረጃ የሚሰጠው ሰው ዛሬም እዚያው ቀበሌው ውስጥ ይኖራል፤ በዘገባው ሰበብ ተጠያቂ የሚሆነውም እርሱ ነው። ስለዚህ ከስደት የሚሠራ የዜና ክፍል አሠራሩን ሁሉ ከዚህ ሰው ደኅንነት ተነሥቶ ሊያበጅ ይገባዋል።

አደጋው የሚጀምረው ከመጀመሪያው ግንኙነት ነው። ሲም ካርድ በስም የተመዘገበ በመሆኑ በመደበኛ ስልክ መደወልም ሆነ አጭር መልእክት መላክ ማን ከማን ጋር እንደተገናኘ ያሳያል። በአገር ቤት በብዛት የሚሠራበት ቴሌግራምም ቢሆን «ምስጢራዊ ውይይት» የተባለው ካልተመረጠ በቀር መልእክቱን በኩባንያው ኮምፒውተሮች ላይ ያስቀምጣል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መልእክቱን ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው አድርጎ ወደሚያስተላልፈው ሲግናል የተባለ መተግበሪያ መሻገር፣ ስልክ ቁጥርን ደብቆ በመለያ ስም መገናኘት፣ መልእክቶቹም በራሳቸው እንዲጠፉ ማድረግ ይሻላል። ሆኖም በፍተሻ ኬላ ላይ ስልኩን ክፈት ለተባለ ሰው የትኛውም መተግበሪያ ዋስትና አይሆነውም፤ ስለዚህ መቼ ሊጻፍለት እንደሚችል ራሱ ይወስን።

ጋዜጠኛው የራሱንም ስልክ ሊጠራጠር ይገባል። በዲሴምበር 2013 በቤልጅየምና በሰሜን ቨርጂንያ ለነበሩ የኢሳት (ከውጭ አገር ይሰራጭ የነበረ የኢትዮጵያውያን ቴሌቪዥን ጣቢያ) ባልደረቦች በስካይፕ የስለላ ሶፍትዌር የያዙ ፋይሎች ተልከውላቸው ነበር፤ አንደኛው ለጣቢያው የተጻፈ ጽሑፍ መስሎ የቀረበ እንደነበር በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዘን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም በፌብሩዋሪ 2014 አጋልጧል። ከላትቪያ የሚታተመው የሩሲያውያኑ የዜና ድረ ገጽ የ«ሜዱዛ» አሳታሚ ጋሊና ቲምቼንኮ ስልክም በ2023 ፔጋሰስ በተባለ የስለላ ሶፍትዌር ተጠልፎ ተገኝቷል፤ ይህ ሶፍትዌር ደግሞ ባለቤቱ ምንም ነገር ሳይከፍት ሊገባ የሚችል ነው። ስለዚህ ያልተጠበቀ ፋይል ሲመጣ ጽሑፉን በመልእክቱ ውስጥ ገልብጦ እንዲልክ ላኪውን መጠየቅ ይገባል፤ ካልሆነም የግል አድራሻ በሌለበት ሌላ መሣሪያ መክፈት ይቻላል። የምንጮች እውነተኛ ስም ከቶውንም በስልክ ውስጥ አይቀመጥ።

መረጃን ከሩቅ ሲያጣሩ ትልቁ ስሕተት ብዙ ጊዜ ከትንሽ ነገር ይመጣል። ምንጩ «ቅዳሜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ሲል ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ይሁን ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ካልተጠየቀ ቀኑ ይፋለሳል። ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ከአዲስ አበባ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ እዚያ ያለው አርታኢ በራሱ ሰዓት ሲያስብ ስሕተቱ ይደረባል። የቦታ ስምም እንዲሁ ነው፤ «መድኃኔዓለም ሰፈር» የሚባል በየከተማው ስላለ ወረዳውንና ቀበሌውን ማረጋገጥ ግድ ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠበት አካባቢ ደግሞ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ስለተናገሩ ብቻ ሁለት ምስክር ተገኘ ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ከአንድ ሰው ሰምተው ሊሆን ይችላልና እያንዳንዳቸው በዓይናቸው ያዩትን ለይተው እንዲናገሩ መጠየቅ ያስፈልጋል። በውጭ ያለው አድማጭ ዜናውን በችኮላ ቢጠብቅም ለዚህ የሚውለውን ጊዜ ማሳጠር ተገቢ አይደለም።

ስም መደበቅ ብቻውን ሰውን አይሰውርም። በስብሰባው የነበሩት ስድስት ሰዎች ብቻ ከሆኑ የተባለውን ቃል በቃል መጥቀስ ተናጋሪውን አሳልፎ መስጠት ነው፤ ሐሳቡን በራስ አነጋገር መግለጽ፣ ማዕረጉንና ዕድሜውን መተው፣ አንዳንዴም ዜናውን ጥቂት ቀን ማቆየት ያስፈልጋል። ፎቶግራፍ ከመውጣቱ በፊት ቦታንና የስልክ ዓይነትን የሚያሳየው የተደበቀ መረጃ ይጥፋ፤ ምስሉ ከየትኛው መስኮት እንደተነሣም ይታይ። ለምንጭ በባንክ ወይም በሐዋላ ገንዘብ አይላክ፤ ደረሰኙ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብበታል።

ምንጩ ድንገት ድምፁን ቢያጠፋ ደጋግሞ መደወል፣ ወይም ስሙን ጠርቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ማፈላለግ ጉዳቱን ያብሳል። አስቀድሞ ከእርሱ ጋር የተስማሙበት ቤተሰብ ወይም ወዳጅ ካለ በዚያ በኩል ብቻ ይጠየቅ፤ እስከዚያውም በእርሱ ቃል ላይ የቆመ ያልወጣ ዘገባ ይቆይ።