የፕሮግራምን ፍጥነት በተለያዩ ቨርዥኖችና ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ላይ እንዴት ማነጻጸር ይቻላል?

«አዲሱ ቨርዥን ይፈጥናል» ሲባል መጀመሪያ «ምን ሲሠራ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የፕሮግራሚንግ ቋንቋው ፓይተን 3.11 እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ አዘጋጆቹ ከ3.10 በአማካይ 1.25 እጥፍ እንደሚፈጥን ገልጸው ነበር። ይህ ግን የብዙ መፈተኛ ፕሮግራሞች አማካይ ነው። ጊዜውን የዳታቤዝ መልስ ሲጠብቅ የሚያሳልፍ ፕሮግራም ለውጡ ጭራሽ ላይታይበት ይችላል።

ስለዚህ ከራሳችሁ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚፈጀውን ክፍል ምረጡ። የሚገባለት ዳታ ሁሌም አንድ ይሁን። መልሱም በየቦታው አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

ቀጥሎ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ቨርዥን ስታነጻጽሩ ማሽኑም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም፣ ላይብረሪዎቹም ባሉበት ይቆዩ። ዊንዶውስንና ሊኑክስን ስታነጻጽሩ ደግሞ ቨርዥኑ አይቀየር፤ ሁለቱም እዚያው ኮምፒውተር ላይ በየተራ ይነሱ። አንዱን ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) ውስጥ፣ ሌላውን በቀጥታ ማስኬድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ዲፎልት ሴቲንጎችንም እዩ። ለምሳሌ ጃቫ 9 ላይ ዲፎልቱ ጋርቤጅ ኮሌክተር (የማያስፈልግ ሜሞሪን የሚያስለቅቀው ክፍል) ከፓራለል ወደ ጂ1 ተቀይሯል። ከጃቫ 8 ጋር የምታዩት ልዩነት ከዚያ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ኮሌክተር ሞክሯቸው።

ትልቁ ራስ ምታት ማሽኑ ራሱ ነው። ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ፍጥነቱን ሊቀንስ ይችላል፤ በጣም ሲግልም እንደዚያው። ቻርጀር ሰኩ፣ ብራውዘር ዝጉ፣ አፕዴት አስቁሙ። አሮጌውን ደጋግማችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ አዲሱ አትሂዱ፤ አዲሱ በጋለ ሲፒዩ ሊጀምር ነው። አሮጌ፣ አዲስ፣ አሮጌ፣ አዲስ እያላችሁ አፈራርቁ።

ጃቫና ጃቫስክሪፕት ላይ ኮዱ እየሮጠ ሳለ ወደ ማሽን ኮድ ስለሚቀየር የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይንቀራፈፋሉ። ለሰዓታት ለሚሠራ ሰርቨር እነዚህን ማሟሟቂያ ዙሮች ከቁጥሩ አውጧቸው። ተነስቶ ወዲያው ለሚዘጋ ፕሮግራም ግን አታውጧቸው፤ ተጠቃሚው ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው እነሱን ነው።

ሰዓቱም ያሳስታል። ዊንዶውስ ላይ የፓይተን ተራው ሰዓት እስከ 3.12 ድረስ ወደ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ እየዘለለ ነው የሚቆጥረው። አጭር ሥራ በእሱ አይለካም፤ ለልኬት የተዘጋጀውን የፓይተን ሰዓት፣ ፐርፍ ካውንተርን (perf_counter) ተጠቀሙ። ሙሉ ፕሮግራም ለመለካት በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በማክም ላይ የሚሠራው ሃይፐርፋይን (hyperfine) የተባለው መለኪያ ፕሮግራም ይበቃል።

ዊንዶውስ ላይ አዲስ ፕሮሰስ ማስነሳት ከሊኑክስ ይከብዳል። ጸረ ቫይረሱም የሚከፈቱ ፋይሎችን ይፈትሻል። በዚህ የተነሳ ስሌትን፣ የፋይል ሥራንና ፕሮሰስ ማስነሳትን ለየብቻ ለኩ፤ አለበለዚያ ማን እንዳዘገየ አይለይም።

በመጨረሻ መካከለኛውን ዋጋ (ውጤቶቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) ከዝቅተኛውና ከከፍተኛው ጋር ጻፉ። የሁለቱ ቨርዥኖች ቁጥሮች በብዛት ከተደራረቡ «ልዩነት አልታየም» በሉ። ከጎኑ የሲፒዩው ሞዴል፣ ሙሉው የቨርዥን ቁጥርና የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዓይነት ይስፈር።