ማህፀን ወርዶ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ካለሽ፣ ስፖርቱን ከአሁኑ ጀምሪ

ሐኪሙ «የዳሌ ወለል ጡንቻሽን (ማህፀንንና ፊኛን ከታች ደግፎ የሚይዘውን) አሠሪ» ይልሻል፣ አንቺም «እሺ» ብለሽ ትወጫለሽ፣ ከዚያ ይረሳል። ከባድ ስለሆነ አይደለም። አያልብሽም፣ አያደክምሽም፣ ማንም አያይሽም። የሚረሳውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ እውነቱን እንነጋገር። ይህ ስፖርት ሙሉ በሙሉ የወጣን ማህፀን ወደ ቦታው አይመልስም። ብዙም ላልወረደ ግን የመክበድና የመጎተት ስሜቱን ይቀንሳል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመውና 447 ሴቶች የተሳተፉበት ፖፒ የተባለው ጥናት ያሳየው ይህንን ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ የታተመው ኦፕቲማል የተባለ ጥናት ደግሞ፣ ከኦፕራሲዮኑ ጋር ስፖርቱን የተማሩ ሴቶች ከሁለት ዓመት በኋላ ካልተማሩት የተሻለ ውጤት አላገኙም ይላል። ስለዚህ «ስፖርቱን ከሠራሽ ዳግመኛ አይወጣም» ብሎ ቃል የሚገባልሽን ሰው አትስሚ። ኦፕራሲዮኑ የወረደውን ቦታው ላይ ያስቀምጣል እንጂ ጡንቻ አያጠነክርም። ስታስነጥሺና ስትስቂ የሚያመልጥ ሽንት ካለ እሱን ለመቀነስ ግን ስፖርቱ በደንብ የተፈተነ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ጀምሪ የምለው በአንድ ምክንያት ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ ቦታው ያብጣል፣ ያማል፣ ስፌቱ ያስፈራል። ጡንቻሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ልፈልገው ካልሽ አታገኚውም። ቀድሞ ያወቀው ሰውነት ግን አይቸገርም።

እንዴት ታገኚዋለሽ? ሰው በተሰበሰበበት ፈስ ቢመጣብሽ እንዴት ነው የምትይዢው? እሷ ናት። አሁን ሽንትሽንም አብረሽ እንደምትይዢ አድርገሽ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳብ አድርጊ። ቂጥሽ ከተኮማተረ፣ ጭንሽ ከተጣበቀ፣ ትንፋሽሽን ከያዝሽ ሌላ ጡንቻ እያሠራሽ ነው። እየተነፈስሽ ሳቢ። እርግጠኛ ካልሆንሽ በሩን ዝጊና በእጅ መስታወት እዪው፦ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለው ቦታ ወደ ውስጥ ገባ ካለ ልክ ነሽ፣ ወደ ውጭ ከተነፋ ግን እያማጥሽ ነው፣ እሱ ደግሞ የባሰ ይጎዳል። ሽንት እየሸናሽ ማቋረጥን ልምምድ አታድርጊው።

መጀመሪያ ጉልበትሽን አጥፈሽ በጀርባሽ ተኚ። ሳብ አድርገሽ 3 ሰከንድ ያዢ፣ ከዚያ ልቀቂ፤ መልቀቁንም ሙሉ በሙሉ ልቀቂ፣ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ስትለምጂው ቀስ እያልሽ ወደ 10 ሰከንድ አድርሺው፣ መጨረሻ ላይ 10 ፈጣን ፈጣን ጨምሪ። ቀጥሎ ተቀምጠሽ፣ ከዚያ ቆመሽ። ካመመሽ ግን አቁሚና ጠይቂ፤ አንዳንድ ሴት ጡንቻዋ ላልቶ ሳይሆን ከመጠን በላይ ተወጥሮ ነው የሚያስቸግራት።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ሽንት እንዲወርድ የገባልሽ ቱቦ እስኪወጣና ሐኪምሽ «ጀምሪ» እስኪልሽ ጠብቂ። ከዚያ በቀስታ፣ ከዜሮ እንደጀመርሽ። ስታስይና ከአልጋ ስትነሺ ቀድመሽ ሳብ አድርጊ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ላለማቋረጥ። ለውጡን ለማየት ቢያንስ ሦስት ወር ይፈልጋል፣ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ መጠነኛ መውረድ ላለባት ሴት ቢያንስ 16 ሳምንት ይላል። ያን ሁሉ ጊዜ በ«ጉጉት» አትዘልቂውም። ሳታስቢው በየቀኑ ከምትሠሪው ነገር ጋር እሰሪው፦ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርጂ፣ ከሰዓት ቡና እየተቆላ፣ ማታ መብራት ካጠፋሽ በኋላ። አንዳንዷ ታክሲ ሰልፍ ላይ ትሠራለች፣ እኔ ግን ለጀማሪ አልመክርም፣ ሐሳብ ይበተናል። ስልክሽ ላይ ማስታወሻ ከሞላሽም «ስፖርት» ብቻ በይው፣ ልጆች ያያሉ። አንድ ቀን ከዘለልሽ ነገ እጥፍ አትሥሪ፣ እንደወትሮው ቀጥዪ። ሲሻልሽም አታቁሚ።

ቤተሰቡ ካልተባበረ ደግሞ ስፖርቱ ብቻውን የትም አያደርስም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለ6 ሳምንት ያህል ጀሪካን፣ እንጨት፣ የታጠበ ብርድ ልብስ፣ ሕፃን ልጅም ቢሆን አታንሺ። 6 ሳምንት 42 ቀን ናት፤ ቤታችን አራስን 40 ቀን መጠበቅ ያውቅበታል፣ እንደዚያው ይጠብቁሽ። ልዩነቱ፣ ተኝተሽ አትዋዪ፣ ቤት ውስጥ ቀስ ብለሽ ተራመጂ፣ ደም እግር ላይ እንዳይረጋ። ነገሩ ነውር መስሎሽ ከደበቅሽ ግን ውሃውን ራስሽ ትቀጂያለሽ፤ ቢያንስ ለባልሽ ወይ ለትልቋ ልጅሽ «ኦፕራሲዮን አድርጌያለሁ፣ ከባድ አልነካም» በዪ። ግንኙነትም ሐኪም እስኪፈቅድ ይቆያል።

የሆድ ድርቀት የስፖርቱ ዋና ጠላት ነው። ውሃ፣ አትክልት፣ ፓፓያ፣ ተልባ። ሽንት ቤት አታምጪ፣ አትቸኩዪ። ጾም ከገባ፣ ውሃ ሳይጠጡ መዋሉንም ስግደቱንም በተመለከተ ንስሐ አባትሽን አነጋግሪ።

ትኩሳት፣ ብዙ ደም፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ሽንት እምቢ ማለት፣ የአንድ እግር እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ስፖርቱን ትተሽ በቶሎ ሆስፒታል ሂጂ። ከዚያ ውጭ ለቀጠሮ ስትመለሺ፣ «እየሠራሁ ነው» ብቻ ብለሽ አትውጪ። «ልክ እየሳብኩ መሆኑን እዩልኝ» በዪ። ምርመራው ላይ ስትስቢ ሐኪሙ በጣቱ ያውቀዋል፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ካለም እንዲልኩሽ ጠይቂ።