ጎልያድን ከጋዛ አውጡልን፦ ስለ እስራኤልና ፍልስጤም ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

የውጭ ዜና ወደ አማርኛ መተርጎም ከጀመርኩ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሌላ ዜና ሲተላለፍ ማንም አይደውልም። የእስራኤልና የፍልስጤም ዜና ባለፈ ቁጥር ግን የስቱዲዮው ስልክ አያርፍም። ግማሹ ደዋይ "አይሁድ ገዝተዋችኋል" ይላል። ግማሹ "ለዓረብ አድራችኋል" ይላል። ያውም በአንድ ዜና፣ በአንድ ምሽት። ስድቡን ለምጄዋለሁ። አልለምድ ያለኝ በየዓመቱ ያንኑ ስህተት መስማት ነው።

ፍልስጥኤማዊንና ፍልስጤማዊን አንድ ማድረግ

ከዚህ ልጀምር፤ እንደዚህ የሚያበግነኝ የለምና።

በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሳኦልንና ዳዊትን የሚወጉት ፍልስጥኤማውያን ናቸው። በዜና ላይ ደግሞ ፍልስጤማውያን እንላለን። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት፤ እሷንም ስንናገር እንውጣታለን።

አንድ ምሽት በቀጥታ ስርጭት አንድ አባት ደወሉ። ድምፃቸው የረጋ፣ አነጋገራቸው ያማረ። "ልጄ፣ ምን ታደክሙናላችሁ? ይሄ ጦርነት የተጀመረው ጎልያድ የወደቀ ዕለት ነው። ጎልያድም የጋዛ ሰው ነበር" አሉ። አቅራቢው "እናመሰግናለን አባቴ" ብሎ ሸኛቸው። እኔ ከመስታወቱ ጀርባ ፀጉሬን እነጫለሁ።

ሲጀመር ጎልያድ የጌት ሰው ነው። ጋዛ የሶምሶን ታሪክ ናት። ይሄ ይቅር። የጥንቶቹ ፍልስጥኤማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ከኤጂያን ባሕር በኩል መጥተው በባሕሩ ዳርቻ የሰፈሩ ሕዝብ ናቸው። ጋዛ፣ አስቀሎና፣ አዛጦን፣ አቃሮንና ጌት ከተሞቻቸው ነበሩ። ናቡከደነፆር ከመጣባቸው በኋላ ራሱን የቻለ ሕዝብ ሆነው አልቀጠሉም። ስማቸው ግን መሬቱ ላይ ቀረ። ግሪኮች ተጠቀሙበት። ሮማውያንም በ135 ዓ.ም. ገደማ የአይሁድን አመፅ ሲደመስሱ ይሁዳን "ሶርያ ፓለስቲና" አሏት። ዛሬ ፍልስጤማዊ የምንለው ዓረብኛ ተናጋሪ ሕዝብ ነው፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለበት። ከጎልያድ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ነው።

ይህን ሳስረዳ አንዳንዱ በአንድ ዝላይ ሌላው ጥግ ላይ ይወጣል። "ስሙን ሮማ ካወጣው ፍልስጤም የሚባል ሕዝብ የለም ማለት ነዋ!" ኧረ በማርያም! አገራችን ስሟን ከንጉሥ ኢትዮጲስ አገኘች የሚለውን ትውፊት ለጊዜው እንተወውና፣ "ኢትዮጵያ" የግሪክ ቃል አይደል እንዴ? ታዲያ እኛ የለንም?

በእስራኤል ስምም ያው ነው። መዝሙረ ዳዊት ላይ ያለችው እስራኤል በ1948 የተመሠረተው መንግሥት አይደለችም። ቤተ ክርስቲያን ራሷ እስራኤል ዘሥጋ፣ እስራኤል ዘነፍስ ብላ ለይታ ታስተምራለች። አንድ የካቢኔ ውሳኔ ስንዘግብ "የእግዚአብሔርን ሕዝብ ተቻችሁ" የሚሉን ሰዎች ይህን ትምህርት የት ጥለውት እንደሚመጡ አላውቅም። ከወዲያም ወገን በነቢዩ ሙሐመድ ዘመን ዓረብያ ውስጥ የነበሩትን የኸይበር አይሁድ ታሪክ አምጥቶ ዛሬ ቴል አቪቭ ውስጥ ኮምፒውተር የሚማር ልጅ ላይ የሚለጥፍ አለ። መጽሐፉ ይለያያል እንጂ ስህተቱ አንድ ነው።

1967ን ያለ "እ.ኤ.አ." መጥራት

"እስራኤል በ1967 ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ያዘች" ብለን አነበብን። አንድ ጋሼ ደወሉ። "በ1967 እኔ የእድገት በኅብረት ዘማች ነበርኩ። ጃንሆይ የወረዱበት ዓመት ነው። እንዲህ ያለ ጦርነት አልሰማንም" አሉ። እውነታቸውን ነው። የስድስቱ ቀን ጦርነት በኛ ግንቦት 28 ቀን 1959 ተጀምሮ ሰኔ 3 አለቀ። አንዱ "በ1940" ሌላው "በ1948" እያሉ ስለ አንዲቷ ጦርነት ሲጯጯሁ የዋሉ ሁለት ወንድማማቾችም አውቃለሁ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ካልነገርኳችሁ በስተቀር፣ የፈረንጆቹ ናቸው።

ዌስት ባንክን ባንክ ማድረግ

አትሳቁ። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት። "በምዕራብ ባንክ በተፈጠረ ግጭት" ብዬ ጻፍኩ፣ ተነበበም። አንዲት ሴት "ስንት ብር ተዘረፈ?" ብለው ደወሉ። የዮርዳኖስ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። አንዴ እንዲህ ብላችሁ ካብራራችሁ በኋላ ዌስት ባንክ ብትሉት ግድ የለኝም።

ታሪኩን ከሚመቸን ቀን መጀመር

ክርክሩ ላይ ሁሉም የየራሱ መነሻ ቀን አለው። አንዱ ከጥቅምት 7 ቀን 2023 ይጀምራል፣ በኛ መስከረም 26 ቀን 2016። የዚያን ዕለት ሐማስና አጋሮቹ 1,200 ያህል ሰው ገደሉ፣ 251 ሰው አግተው ወሰዱ። ሌላው እሱን ዘልሎ ከዚያ በኋላ ካለው ይጀምራል። የጋዛ ጤና ሚኒስቴር የቆጠራቸው ሟቾች ከ60,000 አልፈዋል፤ ቆጠራው ታጣቂና ሰላማዊ ብሎ አይለይም። አንዱ 1948ን ያነሳል፤ 700,000 ያህል ፍልስጤማውያን ተባረው ወይም ሸሽተው የተፈናቀሉበትን፣ እነሱ ናክባ የሚሉትን። ሌላው ከዚያ በኋላ ከባግዳድ፣ ከካይሮ፣ ከሰነዓ የወጡትን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አይሁድ ያነሳል።

የትኛውም ውሸት አይደለም። አንዱን ነጥሎ አንስቶ "ነገሩ የጀመረው እዚህ ጋ ነው" ማለት ነው ችግሩ። ባልና ሚስት የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ይህን ያውቁታል። "ማን ጀመረ?" የሚለውን ጥያቄ ማለዳ ካነሱት ቡናው ሦስት ጊዜ ይፈላል እንጂ እርቁ አይጀመርም።

ለነገሩ ኢትዮጵያም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለችበት። ኅዳር 29 ቀን 1947 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ፍልስጤምን ለሁለት ለመክፈል ድምፅ ሲሰጥ 33 አገሮች ደገፉ፣ 13 ተቃወሙ፣ 10 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከአሥሩ አንዷ እኛ ነን። በ1973 ከእስራኤል ጋር ግንኙነት አቋረጥን፤ በ1989 መልሰን ጀመርን። እናም "ኢትዮጵያ ሁልጊዜ ከእገሌ ጎን ነበረች" ብሎ የሚጀምር ሰው፣ እገሌ ማንም ይሁን ማን፣ ተሳስቷል።

የሃይማኖት ደርቢ ማድረግ

በኛ ሰፈር ነገሩ እንደ ቡናና ጊዮርጊስ ነው። ክርስቲያን ከሆንክ ሰማያዊና ነጩን ባንዲራ፣ ሙስሊም ከሆንክ ሌላኛውን። ማልያው ሲወለዱ የተሰጠ ይመስል።

ዌስት ባንክ ባሉት ቤተልሔም፣ ቤት ጃላ፣ ቤት ሳሑር ውስጥ የሚኖሩት ክርስቲያኖች ፍልስጤማውያን ናቸው። በጥቅምት 2023 ጋዛ ውስጥ በአየር ጥቃት የተመታው የቅዱስ ፖርፊሪዮስ ቤተ ክርስቲያን ኦርቶዶክስ ነው፤ ግቢው ውስጥ የተጠለሉ ሰዎች ሞቱበት። ከእስራኤል ዜጎች ደግሞ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ዓረብ ነው፤ ድሩዝ የሚባሉት፣ የራሳቸው እምነት ያላቸው ዓረብኛ ተናጋሪዎች፣ ሠራዊቱ ውስጥ ያገለግላሉ። የኛዎቹ መነኮሳት ኢየሩሳሌም በጎልጎታ ጣሪያ ላይ፣ ዴር ሡልጣን ውስጥ፣ ስንት ዘመን የሚሟገቱት ከማን ጋር ነው? ከግብፅ ኮፕቶች ጋር። ክርስቲያን ከክርስቲያን፣ ያውም የአንድ እምነት ልጆች።

መንግሥትን ሕዝብ ብሎ መጥራት

"ፍልስጤሞች እንዲህ አሉ" ስትሉ ማንን ነው? በ2007 ጋዛን የተቆጣጠረው ሐማስ ነው። ዌስት ባንክ ውስጥ ራማላ ያለው የፍልስጤም አስተዳደር ከሱ ጋር ሆድና ጀርባ ነው። የመጨረሻው የምክር ቤት ምርጫ በ2006 ስለተካሄደ፣ ዛሬ ሃያ አምስት ዓመት የሆነው ጋዛዊ የምክር ቤት አባል መርጦ አያውቅም። በመጋቢት 2025 ሰሜን ጋዛ፣ ቤት ላሂያ ውስጥ ሐማስን በመቃወም አደባባይ የወጡ ነበሩ። "አይሁዶች እንዲህ ይፈልጋሉ" የሚለውም ያው ነው። በ2023 እስራኤላውያን በየቅዳሜው ማታ የገዛ መንግሥታቸውን ሲቃወሙ የቴል አቪቭ ጎዳና ይሞላ ነበር።

ቤተ እስራኤልን መከራከሪያ ማድረግ

ይሄኛው ያሳዝነኛል። አንዱ የ1991ን ዘመቻ ሰሎሞን ያነሳል፤ በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል 14,000 ያህል ቤተ እስራኤላውያን፣ ማለትም ኢትዮጵያውያን አይሁድ፣ የተጓጓዙበትን። "አየህ ዘረኛ አይደሉም!" ሌላው በ1996 ከቤተ እስራኤላውያን የተለገሰ ደም ሲደፋ መኖሩ የታወቀበትን፣ በ2015 እና በ2019 የፖሊስን በደል በመቃወም የወጡትን ሰልፎች ያነሳል። "አየህ ዘረኞች ናቸው!" ሁለቱም ደርሷል። አሽቀሎን ያለች የአክስቴ ልጅ፣ ልጇ ወታደር ነው። ስደውልላት ሮኬት ሲወድቅ የሚገቡበትን ክፍል ጥበት ነው የምትነግረኝ። ለማንም ክርክር ማስረጃ ለመሆን አልተመዘገበችም። "ፈላሻ" የሚለውን ቃል ደግሞ ተዉት፤ ስድብ ነው።

"እኛ ምን አገባን?"

በ2024 መገባደጃ የሊባኖሷ ቤይሩት በእስራኤል አውሮፕላኖች ስትደበደብ አሠሪዎቻቸው በር ዘግተውባቸው የሸሹ የቤት ሠራተኞች ባሕሩ ዳር ሲያድሩ ነበር። ብዙዎቹ የኛ ልጆች ናቸው።

ቪዲዮ ሳያጣሩ ማጋራት

"አርማ 3" የሚባል የጌም ምስል የጋዛ ጦርነት ተብሎ በስንት ሰው ስልክ እንደዞረ ብነግራችሁ ታፍራላችሁ።

ለሟች ግሥ ማበላለጥ

አማርኛ ለሞት የሚሆን ቃል አያጣም። ሞተ፣ ተገደለ፣ ሕይወቱ አለፈ፣ ተሰዋ፣ ተደመሰሰ። ጸሐፊው የማን ደጋፊ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ግሡን እዩ፤ ሌላ ማንበብ አያስፈልጋችሁም።

እኔ ራሴን ሚዛናዊ አድርጌ እቆጥር ነበር። አንድ ቀን ከኮምቦልቻ የመጣች የሥራ ባልደረባዬ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። በአንድ ሳምንት ውስጥ የጻፍኳቸው ዜናዎች ናቸው። በቀይ እስክሪብቶ አስምራባቸዋለች። አንዱ ላይ እስራኤላውያን "በግፍ ተገደሉ"። ሌላው ላይ የጋዛ ሰዎች "ሕይወታቸው አለፈ"።

"የነዚህ ሕይወት በጉንፋን ነው ያለፈው?" አለችኝ።

ምን እላለሁ? አርሜ መለስኩላት። ወር ሳይሞላ የእሷን ጽሑፍ ሳርም፣ ታጣቂዎቹ "ተሰዉ" የሚል አገኘሁ። ምንም አልተናገርኩም። ቀይ እስክሪብቶዋን ከጠረጴዛዋ ላይ አንስቼ አሰመርኩበት። አይታ ሳቀች። አሁን እስክሪብቶው በሁለታችን ጠረጴዛ መሃል ነው የሚቀመጠው። ባለፈው ሳምንት ቀለም ጨርሶ አዲስ ገዛን።