በሰሜን ሸዋ የአድራሻ መረጃን ጠይቆ ማግኘትና ለሕዝብ ክፍት ማድረግ

ዕቃ ለማድረስ፣ ጥናት ለማካሄድ ወይም የእርዳታ ሥርጭት ለማቀድ የሰሜን ሸዋን አድራሻዎች በአንድ ሠንጠረዥ የሚፈልግ ሰው፣ መረጃው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ እንደማይጠብቀው አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በአገራችን ፖስታ በአመዛኙ የሚላከው በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው፤ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የፖስታ ሳጥን ቁጥር 445 መሆኑን የሚያውቅ ሰው ግን ግቢው በየት በኩል እንደሚገኝ ከቁጥሩ ሊረዳ አይችልም። ስለዚህ የአስተዳደር እርከኑ ስም፣ የቤት ቁጥሩና የካርታ ነጥቡ ከየምንጫቸው ተፈልገው መገጣጠም ይኖርባቸዋል።

ከሁሉም የሚቀለው የዞንና የወረዳ ስሞችን ማግኘት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ በሚያስተዳድረው የሂውማኒቴሪያን ዳታ ኤክስቼንጅ ድረ ገጽ ላይ የአስተዳደር ወሰኖች «ፒ-ኮድ» ከሚባል መለያ ጋር በነፃ ይገኛሉ። መለያውን ከስሙ ጋር መውሰድ ግድ ነው፤ ምክንያቱም መቀመጫው ደብረ ብርሃን ከሆነው የአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ሌላ፣ መቀመጫው ፍቼ የሆነ የኦሮሚያ ክልል ሰሜን ሸዋም አለ። የመጀመሪያው ኮድ በኢቲ03፣ የሁለተኛው በኢቲ04 ስለሚጀምር በኮዱ የለየ ሰው ሁለቱን አያምታታም። በስም ብቻ የሚፈልግ ግን «መርሐቤቴ»ን በ«መርሃቤቴ»፣ «አንጾኪያ»ን በ«አንፆኪያ» ፈልጎ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ቀበሌን፣ ጎጥንና የቤት ቁጥርን የሚመለከተው መረጃ የሚገኘው ከወረዳ አስተዳደር ወይም ከከተማ ማዘጋጃ ቤት ሲሆን፣ የመጠየቂያው መሠረት የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። አዋጁ ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ መልሱም በ30 ቀናት ውስጥ እንዲሰጥ ያዝዛል። ማመልከቻው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው የሚቀርብ ሲሆን አጭርና ቁርጥ ያለ ቢሆን ይመረጣል፦

«በባሶና ወራና ወረዳ ሥር የሚገኙ ቀበሌዎችና ጎጦች ስም ዝርዝር፣ የነዋሪዎችን ስምና ስልክ ሳይጨምር፣ በኤክሴል ፋይል እንዲሰጠኝ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በትሕትና እጠይቃለሁ።»

«የነዋሪዎችን ስምና ስልክ ሳይጨምር» የሚለው ሐረግ በእኔ እምነት የማመልከቻው ዋና ክፍል ነው። ቁጥርና ቦታ የሕዝብ መረጃ ነው፤ በዚያ ቤት ማን እንደሚኖር ግን የግል መረጃ በመሆኑ አዋጁም ሆነ ኋላ የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይጠብቀዋል። ይህ በግልጽ ካልተጻፈ ኃላፊው «የሰው መረጃ አንሰጥም» ብሎ ቢመልስ አይፈረድበትም። የማመልከቻውን ቅጂ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስጽፎ መያዝም ያስፈልጋል፤ መልስ ቢጠፋ ወይም ቢከለከል አቤቱታው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሲሄድ የሚጠየቀው ይኸው ነው።

የካርታ ነጥቡን በተመለከተ፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት የሚችለው ፕላስ ኮድ የሚባለው ሥርዓት ነው። ሙሉው ኮድ 10 ፊደላትና አኃዞች ሲኖሩት ወርዱም ቁመቱም 14 ሜትር ገደማ የሆነን ቦታ ይለያል። በሰዎች መካከል ሲነገር የመጀመሪያዎቹ አራቱ ቀርተው በምትካቸው የከተማ ስም ቢጨመር በቂ ነው፤ በሠንጠረዥ ውስጥ ግን ሙሉው ይጻፍ፤ 10ኛው ዲግሪ የኬክሮስ መስመር ዞኑን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ በደብረ ብርሃን ኮዱ «6፣ ጂ፣ ኤክስ፣ ኤክስ» ብሎ ሲጀምር በአጣዬና በመሐል ሜዳ «7፣ ጂ፣ 2፣ ኤክስ» ይሆናልና። ነጥቡ የሚወሰደው በግቢው በር ላይ ተቁሞ ቢሆን ይሻላል።

ሠንጠረዡ ሲዘጋጅ አንድ መስመር ለአንድ ቤት ይሁን። የቤት ቁጥር የሚገባበት ዓምድ ከመሞላቱ በፊት «ጽሑፍ» ተብሎ ካልተስተካከለ ኤክሴል «3/12» የሚለውን ቁጥር ወደ ቀን ይለውጠዋል፣ የ«012»ንም ዜሮ ይጥላል። ቁጥር ያልወጣላቸው ቤቶች ሁሉ «አዲስ» ተብለው ስለሚመዘገቡ እነሱን የሚለየው ፕላስ ኮዱ ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን በክፍለ ከተሞች ከተዋቀረች ወዲህ ደግሞ የቀድሞውን ቀበሌ ለብቻው ዓምድ መስጠት ይጠቅማል፤ ባጃጅ ነጂው ዛሬም የሚያውቀው እሱን ነው።

ለሕዝብ ሲወጣ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የጽሑፍ ኮድ አቀማመጥ ይቀመጥ፤ ያለዚያ የግዕዙ ፊደል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወደማይነበብ ምልክት ሊለወጥ ይችላል። ከጎግል ማፕስ ላይ አድራሻ መገልበጥ አይፈቀድም። በፈቃደኞች ከሚዘጋጀው ክፍት ካርታ ከኦፕንስትሪትማፕ መውሰድ ይቻላል፤ ነገር ግን ምንጩ መጠቀስ፣ ከእሱ የተገኘው ሠንጠረዥም ሲታተም በዚያው ፈቃድ መውጣት አለበት። ስለዚህ በፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ፈቃዱን፣ ምንጮቹንና መረጃው የተሰበሰበበትን ቀን መጻፍ አይዘንጋ።