ሞዴሉና ሳተላይቱ አልገናኝ ሲሉ፦ የናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ንጽጽር ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

የአዲስ አበባን አየር በደብልዩአርኤፍ ኬም (የአየር ጠባይንና የአየር ብክለትን አብሮ በሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል) አስልታችሁ የናይትሮጂን ዳይኦክሳይዱን ውጤት ከትሮፖሚ የሳተላይት መረጃ ጎን ስታስቀምጡት ሁለቱ ካልተገናኙ፣ ጥርጣሬው ወዲያው የሚሄደው ወደ ልቀት ፋይሉ፣ ማለትም ከየምንጩ ስንት ጋዝ እንደሚወጣ ለሞዴሉ ወደሚነግረው ፋይል ነው። «የመኪናው ጭስ አንሶ ነው የገባው፣ በሁለት እናባዛው» ይባላል። እኔ እስካየሁት ድረስ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ንጽጽሩ ላይ ነው። የልቀት ፋይሉን ከመንካታችሁ በፊት በሚከተሉት በኩል እለፉ።

ትሮፖሚ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 ወደ ሕዋ የወጣችው ሴንቲነል-5ፒ የተባለች ሳተላይት ላይ የተገጠመ መሣሪያ ነው። አየር ቀድቶ አይመረምርም፤ ከምድር ተንጸባርቆ የሚመለሰውን የፀሐይ ብርሃን ያነባል፣ ከዚያም ከመሬት እስከ ላይ ያለውን ጋዝ በአንድ ዓምድ ደምሮ ይሰጣል። ከታች ያሉት ችግሮች በሙሉ ማለት ይቻላል ይህን ከመርሳት ይመጣሉ።

ምልክት፦ ቁጥሮቹ ጭራሽ አይቀራረቡም

ሳተላይቱ 0.00005 ይላል፤ ሞዴሉ 3 ጽፎ 15 ዜሮ ይደረድራል። የአሃድ ጉዳይ ነው። ትሮፖሚ የሚጽፈው በሞል በካሬ ሜትር ነው፣ እናንተ ያሰላችሁት በሞለኪውል በካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። የሳተላይቱን በ6.022×10¹⁹ አባዙት፤ 0.00005 የነበረው 3.01×10¹⁵ ይሆናል። ሞዴሉ በፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ሞለኪውል ስንቱ ጋዙ እንደሆነ) ስለሚሰጥም በየንብርብሩ ካለው የአየር መጠን ጋር አባዝታችሁ መደመራችሁን አረጋግጡ። እዚህ ብዙ መቆየት አያስፈልግም።

ምልክት፦ ሞዴሉ ከተማው ላይ በጣም ከፍ ይላል

የሞዴሉን የ24 ሰዓት አማካይ ወስዳችሁ ይሆናል። ሌሊት ፀሐይ ስለሌለች ናይትሮጂን ዳይኦክሳይዱ አይፈርስም፣ ይከማቻል። ሳተላይቱ ደግሞ የሚያልፈው ፀሐይ በምትበረታበት፣ ጋዙም ቶሎ በሚያልቅበት ሰዓት ነው።

የሚያልፍበት ሰዓት በአካባቢው የፀሐይ ሰዓት 13:30 ገደማ ነው። ይህ 13:30 የግሪንዊች አይደለም፤ እጃችን ላይ የምናስረው ሰዓትም አይደለም። አዲስ አበባ 38.7 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ግሪንዊችን በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ትቀድማለች። ስለዚህ የምንፈልገው ሰዓት በግሪንዊች 10:55፣ በኛ አቆጣጠር ደግሞ ከቀኑ ለ8 ሰዓት 5 ጉዳይ ነው።

ይህን የማጠብቀው ስለተቃጠልኩበት ነው። ኮዴ 13:30ን እንደ ግሪንዊች ቆጥሮ ሞዴሉን ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሲያነብልኝ ከረመ፤ የሥራ መውጫ ትራፊክ በሚጀምርበት ሰዓት መሆኑ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ሚኒባስ ጭስ ስከራከር ነበር። አንድ ተማሪ ደግሞ ማስታወሻው ላይ በኛ ሰዓት «7:30» ብሎ የጻፈውን እንዳለ ኮዱ ውስጥ ከተተው፤ ሞዴሉ ጠዋት 4 ሰዓት ተኩልን አነበበለት። መፍትሄው አንድ ነው፤ ሰዓቱን በቃል አትያዙ። የሳተላይቱ እይታ 2,600 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሰፋ ያው ከተማ ከቀን ቀን በተለያየ ደቂቃ ይታያል። የየፒክስሉን (የሳተላይቱ ምስል የተሠራበትን የእያንዳንዱን ካሬ) ሰዓት ከሳተላይቱ ፋይል አንብቡ፣ ሞዴሉንም በዚያው ደቂቃ ግራና ቀኝ ካሉት ሁለት ሰዓቶች አስሉ።

ምልክት፦ ሰዓቱ ተስተካክሎም ሞዴሉ ከፍ እንዳለ ነው

አሁን ወደ አቬሬጂንግ ከርነል መጣን። ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ አስተካክሉ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ሳተላይቱ ሁሉንም ከፍታ እኩል አያይም። መሬት አጠገብ ያለውን ጋዝ በደካማው፣ ከፍ ብሎ ያለውን በደንብ ያያል። ከርነሉ በየንብርብሩ ምን ያህል እንደታየ የሚናገር ቁጥር ነው።

በምሳሌ እንየው። ሞዴላችሁ ከመሬት አጠገብ 4×10¹⁵፣ ከዚያ በላይ 1×10¹⁵ ቢኖረው ድምሩ 5×10¹⁵ ነው። የታችኛው ከርነል 0.4፣ የላይኛው 1.3 ቢሆን ሳተላይቱ በዚያው አየር ላይ የሚያነበው 1.6 ሲደመር 1.3፣ ማለትም 2.9×10¹⁵ ነው። 5ን ከሳተላይቱ ጋር አወዳድሮ ሞዴሉን «አጋነነ» ማለት በደል ነው። መወዳደር ያለበት 2.9 ነው።

በሳተላይቱ ፋይል ውስጥ ያለው ከርነል የሙሉው ዓምድ መሆኑን አትርሱ። ትሮፖስፌሩን (የታችኛውን የአየር ክፍል) ብቻ ከፈለጋችሁ የሙሉውን ዓምድ ኤር ማስ ፋክተር (ብርሃኑ በጋዙ ውስጥ የተጓዘበትን መንገድ ወደ ቀጥታ ዓምድ የሚመልሰውን ቁጥር) በትሮፖስፌሩ ኤር ማስ ፋክተር አካፍላችሁ ከርነሉን በተገኘው አባዙት፣ ከትሮፖፖዝ (ከትሮፖስፌሩ ጣሪያ) በላይ ያለውን ዜሮ አድርጉት። ከርነሉን በመጠቀማችሁ ሌላም ትርፍ አለ። የሳተላይቱ ስሌት የጋዙን የቁመት ቅርጽ (በየከፍታው ስንት እንዳለ) የሚዋሰው ቲኤም5 ከሚባል ሞዴል ነው፤ የዚያ ሞዴል አንዱ ካሬ 1 ዲግሪ፣ ማለትም 110 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ አዲስ አበባንና ስምጥ ሸለቆውን ባንድ ይጨፈልቃል። ከርነሉ ሲገባ ይህ የተዋሰው ቅርጽ ከንጽጽሩ ይወጣል።

ምልክት፦ ቆላው ላይ ይስማማሉ፣ ደጋው ላይ ይጣላሉ

አዲስ አበባ ላይ የምድር ገጽ የአየር ግፊት 770 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው። ኮዱ ንብርብሮቹን ከ1013 (ከባሕር ወለል ግፊት) ጀምሮ ከደረደረ ከመሬት በታች አየር ፈጠራችሁ ማለት ነው፤ ኮድ ደግሞ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ቁጥር ይሞላበታል። የግፊት ደረጃዎቹን በፋይሉ ውስጥ ባለው የየፒክስሉ የገጽ ግፊት አስሉ። አንድ የእንጦጦ ፒክስል መርጣችሁ የታችኛውን ደረጃ በዓይናችሁ እዩት።

ምልክት፦ ንጹሕ አካባቢ ላይ ሞዴሉ ዝቅ ይላል

አፋር በረሃ ላይ ወይም ባሌ ተራራ ላይ ሳተላይቱ የበለጠ ካሳየ፣ ኔጌቲቭ ቁጥሮችን ጥላችሁ እንደሆነ ፈትሹ። «ከዜሮ በታች ጋዝ የለም» የሚለው ክርክር እውነት ቢመስልም ኔጌቲቩ የመለኪያው መንቀጥቀጥ ነው። የታችኛውን ወገን ብቻ ከጣላችሁ አማካዩ ያለ ምክንያት ሽቅብ ይወጣል። ተዉአቸው።

ምልክት፦ በጋ ደህና፣ ክረምት ብትንትን

ደመና ነው። ፋይሉ ለየፒክስሉ ከ0 እስከ 1 የሚሰጠው የጥራት ዋጋ ከ0.75 በላይ የሆነውን ብቻ ስትወስዱ ሐምሌና ነሐሴ ውስጥ የሚተርፈው ቀን ጥቂት ነው። ስህተቱ የሚመጣው ሳተላይቱን ከጥቂት ብራ ቀኖች፣ ሞዴሉን ከሙሉው ወር ስታሰሉ ነው። ሳተላይቱ ባላየበት ቀንና ፒክስል ላይ ሞዴሉንም አጥፉት። ከዚያ በኋላ ስንት ቀን እንደቀረ ግራፉ ላይ ጻፉ፤ ሦስት ቀን የነሐሴ አማካይ አይሆንም።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች አሉ። ሞዴላችሁ በ1 ኪሎ ሜትር ከሆነ የመርካቶ ጫፍ ቢሾልና ሳተላይቱ ቢያደበዝዘው አይግረማችሁ፤ የሳተላይቱ ፒክስል 5.5 በ3.5 ኪሎ ሜትር ነውና የሞዴሉን አማካይ በዚያ ስፋት ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ላይ ድንገተኛ ዝላይ ካያችሁ ደግሞ የስሌቱ ሥሪት የተቀየረበት ጊዜ ነው፤ ሙሉውን ዘመን በአንድ ሥሪት እንደገና የተሰላውን መረጃ አውርዱ።

ምልክት፦ ሁሉም ተስተካክሎ አሁንም አይገናኙም

እንግዲህ ልቀቱን መጠርጠር ይቻላል። ግን የትኛውን? ትሮፖሚም ራሱ በተበከሉ ከተሞች ላይ ዝቅ አድርጎ የማንበብ ጠባይ አለው። ማገዶና ከሰል ብዙ ጭስ እንጂ በንጽጽር ብዙ ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ስለማይሰጡ የምድጃውን ልቀት በዚህ ጋዝ መፈተን አያዋጣም። እሑድንና የሥራ ቀንን ለዩ፤ ልዩነቱ በሳተላይቱ ላይ ታይቶ በሞዴሉ ላይ ከሌለ ትራፊኩ ላይ ነው ችግሩ። ከዚያ ነፋስ የበረታባቸውን ቀኖች መርጣችሁ ጋዙ ከከተማው ወጥቶ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደሚጠፋ በሁለቱም ለኩ። ሞዴሉ ከተማው ላይ ትክክል ሆኖ ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ርቆ ከሄደ፣ የጋዙ ዕድሜ በዝቷል እንጂ ልቀቱ ምንም አላጠፋም።